ምስማርና ዝገት በላው

ምስማር የሚለውን ስም ያወጡላት በያጁ ናቸው። ቀጭን ስለነበረች ብቻ አይደለም፤ አንገቷን መድፋት ስለማታውቅም ጭምር ነው። ያኔ የወተት ጥርሶቿ ገና መነቀል መጀመራቸው ነበር።

እናቷን አታስታውሳትም፤ ጡት ሳትጥል ነው የሞተችባት። አባቷ በያጁ በሚሠሩበት የአሮጌ ብረት ግቢ ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበር። አንድ ቀን የተቆለለ ላሜራ ተንዶ ደረቱ ላይ አረፈበትና በዚያው ቀረ። ቀብሩ ላይ ባለግቢው እጁን ጭንቅላቷ ላይ ጭኖ፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ከእንግዲህ ይቺ ልጅ የኔ ልጅ ናት" አለ። ቀባሪው መረቀው። እንባቸው የመጣም ነበሩ። እሷ ግን የዚያን ሰዓት ልብ ያለችው እጁ እንዴት እንደሚከብድ ብቻ ነው።

በማግስቱ የብረት ብሩሽ ሰጣት።

ግቢው ሰፊ ነው። በአንድ ወገን የአልጋ እግር፣ የተጣመመ ብስክሌትና የመስኮት ፍርግርግ ተከምሯል፤ በሌላው ወገን በርና የበር ማጠፊያ። መሐል ላይ ሚዛኑ ቆሟል። ከሁሉም ጀርባ ደግሞ ከአንድ የፈረሰ ፋብሪካ የመጣ፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት አሮጌ የውሃ ማፍያ ቦይለር ተጋድሟል። የሷ ሥራ ዝገት መፋቅ ሆነ። በነጭ ጋዝ ትነክራለች፣ በብሩሽ ትፈገፍጋለች፣ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለች፤ ባለግቢው የተፋቀውን ቀለም አስቀብቶ እንደ አዲስ ይሸጠዋል። ስታስነጥስ የሚወጣው ቀይ ነው። መዳፏ በጋዙ ተሰነጣጥቆ ጨርቅ ስትነካ ይይዝባታል። የምትተኛው እቃ ቤት ውስጥ፣ በብሎንና በዳዶ መደርደሪያዎቹ መሐል በተነጠፈች ፍራሽ ላይ ነው። ጠዋት የባለግቢው ልጆች ቦርሳቸውን አንግተው ሲወጡ በሩን የምትከፍትላቸው እሷ ናት።

ስለ ትምህርት ቤት ስትጠይቀው "ዘንድሮ ይለፍና" ይላታል። ዘንድሮ አለፈ፤ ሌላ ዘንድሮ መጣ። እንግዳ ሲኖር "ልጄ ናት፣ ሥራ ስለምትወድ ነው እንጂ" ይላል። እንግዳው ሲሄድ "አንቺ!" ነው ስሟ። አንድ ቀን ነጋዴዎች ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ ጠራትና "እስኪ አባዬ በይኝ" አላት። እሷ ደግሞ "ሌላ የሚፋቅ አለ ወይ ጋሼ?" ብላ መለሰችለት። ነጋዴዎቹ ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ምሳዋን ግን ከለከላት። በማግስቱም ጋሼ ነው ያለችው።

ሚስቱን እትዬ ትላቸው ነበር። እትዬ ክፉ ሴት አልነበሩም። ዝም ማለት የለመዱ ሴት ነበሩ።

እንግዲህ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ማጠፊያዎቿን ቦይለሩ አፍ አጠገብ ትታ ውሃ ልትጠጣ ሄደች። ስትመለስ ማጠፊያዎቹ እንደ መስታወት ፊት ያሳያሉ። ዞር ብላ አየች። ሠራተኛው ሁሉ ጥላ ስር ተቀምጦ ዳቦውን ይገምጣል። ብረቶቹ ደግሞ እርጥብ ናቸው፣ አንድ ነገር የላሳቸው ይመስል። ለማንም አልተናገረችም። በማግስቱ፣ በዚያው ሰዓት፣ አንድ የዛገ ሰንሰለት እዚያው ቦታ አስቀመጠችና ከአልጋ እግሮቹ ጀርባ ተደበቀች።

ከቦይለሩ መጀመሪያ የወጣው ምላስ ነው፤ ግራጫ፣ እንደ ቀበቶ የረዘመ። ከምላሱ ኋላ ባለቤቱ ተከተለ። ቁመቱ የጥጃ ያህል ነው። ጀርባው እንደ ዓሣ በቅርፊት የተሸፈነ፣ እግሮቹ አጫጭርና ሰፋፊ። መንገድ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ዝናብ ሲነካው የሚያሳየው ቀለም ሁሉ ዓይኖቹ ውስጥ ይዞራል። ሰንሰለቱን ይዞ፣ ከረሜላ እንዳገኘ ሕፃን ዓይኑን ጨፍኖ ይልሰው ጀመር።

መሮጥ ነበረባት። ነገር ግን ሰንሰለቱ በሷ ኃላፊነት ነው፤ ቢጠፋ የምትጠየቀው እሷ ናት። ብድግ አለችና "አስቀምጠው!" አለችው።

አውሬው ቀና ብሎ አያት። "ልትበይው ነበር እንዴ?" አለ። ድምፁ ዘይት ቀምሶ የማያውቅ በር ሲከፈት የሚያሰማው ዓይነት ነው።

"ዝገት አይበላም።"

"ታዲያ ቀኑን ሙሉ ለምን ትፍቂዋለሽ?"

"ታዝዤ ነዋ።"

"መታዘዝ ምንድን ነው?"

ልታስረዳው ሞከረች። ሌላ ሰው የፈለገውን ነገር አንተ ስትሠራለት ማለት ነው አለችው። እሱ ራሱ ለምን አይሠራውም ብሎ ጠየቃት። ያን ቀን ማታ ፍራሿ ላይ ተጋድማ መልሱን ፈለገች፤ አላገኘችውም።

ከዚያ ወዲያ ጓደኛሞች ሆኑ። ቅርፊት ብላ ጠራችው፣ ኋላም ቅርፊቴ። ከየት እንደመጣ ስትጠይቀው እሱም በደንብ አያውቀውም፤ አንድ ቀን ከከባድ ዝናብ በኋላ ነቅቶ ራሱን ብረት መሐል ማግኘቱን ነገራት። ምግብ ላይ የሚያማርጥ ፍጡር ነበር። የማጠፊያ ዝገት ለቁርስ ይሆናል ይላል፤ የባቡር ሐዲድ ዝገት ከተገኘ ግን ሌላውን ዞሮም አያየው። ቀለም አይወድም፤ ሆዴን ይነፋኛል ይላል። አንድ ጊዜ አረንጓዴ ቀለም ያለው በር በስህተት ልሶ ቀኑን ሙሉ ሲያገሳ ዋለ፤ እሷም እንዳይሰማበት ባዶ በርሜል ስትደበድብ ዋለች።

ብረቱን እሱ በአንድ ምላስ ስለሚጨርሰው እሷ ጊዜ ተረፋት። ጊዜ ተርፏት አያውቅም ነበርና መጀመሪያ ምን እንደምታደርገው ግራ ገባት። ፀሐይ ያሞቀው ጀርባው ላይ ተጋድማ ደመና አየች። ከዚያ ከወዳደቀ ሽቦ ነገር መሥራት ጀመረች፤ ወፍ፣ ወንበር፣ ደረጃ ያለው ቤት። ወፏን በያጁ አዩባት። ከየት አመጣሽ ብለው አልጠየቋትም። ፒንሳውን ከእጇ ወስደው በየት በኩል ቢይዙት ሽቦው እንደማይሰበር አሳዩአትና መለሱላት። ቅርፊት ደግሞ መዳፏን ላሰላት። ቆዳዋ ውስጥ የገባው ቀይ ሁሉ ለቀቀ። የራሷ እጅ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ያየችው ያን ቀን ነው።

ባለግቢው የብረቱን ልስላሴ ሲያይ የተደበቀ አሲድ አላት ብሎ ጠረጠረ። አንድ ቀን ምሳውን ሳይጨርስ ተነስቶ መጣ፣ አየም። ፊቱ አመድ መሰለ። ነገር ግን ድንጋጤው ብዙ አልቆየም። ለብዙ ዓመት ሚዛን አጠገብ የተቀመጠ ሰው ነውና ዓይኑ ወዲያው መመዘን ጀመረ።

በያጁን ለትልቅ ውሻ የሚሆን የፍርግርግ ቤት ሥራልኝ አላቸው፤ ሠሩለት። ከዚያ ከሩቅ ቦታ የሐዲድ ብሎን አስመጥቶ ከውስጥ በተነው። ቅርፊት ምግብ ይዞ የመጣን ሰው መጠርጠር አያውቅም። እየላሰ ገባ፤ በሩ ከኋላው ተዘጋ። አንገቱም በሰንሰለት ታሰረ። ምስማር ከውሃ ስትመለስ ሁሉም አልቆ ነበር።

ከዚያ በኋላ መኪና በላይ በላዩ ይመጣ ጀመር። ከተማው ውስጥ የዛገ ነገር የቀረ አይመስልም። የፍርግርጉ ቤት በሸራ ተጋረደ። ቅርፊት ከጠዋት እስከ ማታ ይልሳል። ባለግቢው ልጅቷን ጠርቶ ብሩሹን እንድትጥለው ነገራት። ከእንግዲህ ሥራዋ ያንን ፍጡር ማብላት ብቻ ነው፤ ነገሩ ደህና ከሄደ ትምህርት ቤት ያስገባታል። አዲስ ቀሚስም ገዛላት። ቀሚሱን እቃ ቤቱ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቀለችው፤ አንድም ቀን አልለበሰችውም።

ቅርፊት ምላሱ ተሰነጠቀ። የቅርፊቶቹ ጠርዝ ራሱ መቅላት ጀመረ፤ የበላው ሁሉ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣበት ይመስል ነበር። ማውራት ተወ። ልጅቷ ባለግቢው ዘንድ ሄዳ ታሟል፣ ይረፍ አለችው።

"ምን ጎደለበት?" አላት። "እስኪጠግብ ይበላል፤ ዝናብ አይመታው፣ ብርድ አይነካው። እንደ ልጄ ነው የያዝኩት።"

ቃሉን ከዚያ በፊት ደጋግማ ሰምታዋለች፤ ስለ ራሷ። ያን ቀን ግን ስለ ሌላ ሲባል፣ ከውጭ እንደቆመ ሰው ሆና ሰማችው። ወደ ሸራው ተመለሰች።

ዝገት ምን እንደሚወድ ከሷ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም። ከባሕር ዳርቻ የሚመጣው ብረት ሁልጊዜ ከሌላው ይልቅ የተበላ እንደሆነ አይታለች። ስለዚህ ጨው በውሃ በጠበጠች፤ ጨርቅ እየነከረች በፍርግርጉ እግሮችና በሰንሰለቱ ላይ ጠመጠመች። ዕድሜዋን ሙሉ ዝገት ስትፍቅ የኖረች ልጅ አሁን ዝገት ማብቀል ጀመረች። ባለግቢው ጨርቁን አይቶ ምንድን ነው ሲላት "እንዳይሞቀው ብዬ ነው ጋሼ" አለችው። አስተዋይ ልጅ ነሽ ብሎ አመሰገናት።

አንድ ቀን ከማዕድ ቤት ጨው ስትወስድ እትዬ ደረሱባት። ጣሳውን ከእጇ ወሰዱ። አየት አደረጓት፤ ቀጥሎም በመስኮቱ በኩል ወደ ሸራው ተመለከቱ። "ይሄ አይበቃሽም" አሉና ከጠረጴዛው ስር ሙሉ ከረጢት ጎትተው ሰጧት። ከዚያ ወደ ድስታቸው ተመለሱ።

ችግሩ ሌላ ነበር። ፍርግርጉ ይዝጋል፤ ቅርፊት ግን ቀኑን ሙሉ በመኪና በሚመጣለት ስለሚጠቀጠቅ ፍርግርጉን የሚበላበት ሆድ የለውም። ልጅቷ በሸራው ስር ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ነገ ሲሰጡህ እምቢ በል" አለችው።

"እምቢ ምንድን ነው?" ድምፁ ከወጣ ብዙ ቀን ሆኖት ነበርና ቀስ ብሎ ነው የመጣው።

"አልበላም ማለት ነው።"

"ከዚያስ ምን ያደርጉኛል?"

"ይመቱሃል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አሁንም እምቢ ነው።"

አሰበበት። አንቺ ሞክረሽው ታውቂያለሽ ወይ አላት። ትንሽ ትንሹን ሞክሬያለሁ፣ ትልቁ ይቀረኛል አለችው።

ቅርፊት እምቢ አለ። ባለግቢው ሐዲድ አስመጣለት፤ አፉን ገጠመ። በዘንግ መታው፤ አፉን እንደገጠመ ነው። ቀን ቀን እንዲያ ይውላል፤ ሰው ዞር ሲል ጨርቁን እየገፋ ፍርግርጉን ይልሳል። ፍርግርጉ ከስር እየሳሳ፣ አንዳንዱ ቦታ እንደ እርሳስ እየቀጠነ መጣ። ምስማርም ዘንጉ ያረፈበትን ቦታ በውሃ እያጠበች "ትንሽ ነው የቀረው" ትለዋለች።

በመጨረሻ የባለግቢው ትዕግሥት አለቀ። አንድ ጠዋት ሸራውን ገፎ ጣለና በያጁን ጠራ። እሳቱን ለኩስና አንድ ብረት አግልልኝ፤ አፉን እንዴት እንደሚከፍት አሳየዋለሁ አላቸው። ሠራተኛው ተሰበሰበ። በያጁ እሳቱን ለኮሱ።

ምስማር መጥታ ፍርግርጉ ፊት ቆመች።

"ዘወር በይ" አላት ባለግቢው።

"እምቢ።"

"ልጄ ብዬ ባሳደግሁሽ!"

"ልጅህ አይደለሁም" አለችው።

ግቢው ጸጥ አለ። በያጁ ያን ጠዋት ሲያነሱ ዛሬም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ሰውን ጸጥ ያሰኘው "አይደለሁም" ማለቷ አልነበረም፣ "ልጅህ" ማለቷ ነው። እስከዚያች ቀን አንቱ እንጂ አንተ ብላው አታውቅም።

"ልጆችህ ቦርሳ ነው የሚይዙት" ስትል ቀጠለች፤ ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። "እኔ ብሩሽ ነው የያዝኩት። የአባቴ ልጅ ነኝ። ላንተ ሠራተኛህ ነበርኩ፤ ሥራውንም ዛሬ ትቻለሁ።"

እጁን አነሳ። በዚህ ጊዜ በያጁ የጋዙን ቁልፍ ዘጉ። እሳቱ ጠፋ። መነጽራቸውን አውልቀው መሬት ላይ አስቀመጡና ቁጭ አሉ፤ ያለ እሳት ምን ይሠራል የሚል ሰው አቀማመጥ ነው። ባለግቢው ወደሳቸው ሲዞር ቅርፊት ትከሻውን ፍርግርጉ ላይ ጣለው። አንዱ ዘንግ ቀጭ አለ፣ ሌላውም ተከተለ፤ ከዚያ አንድ ሙሉ ጎን ተደርምሶ ወደቀ። የአንገቱ ሰንሰለት እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ማንንም አልነከሰም። ሰው ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ለቀቀለት፤ እሱም በዚያ አጭር እግሩ እየተንገዳገደ በሰፊው በር ወጣ። ልጅቷ ከጎኑ ናት። ባለግቢው "አንቺ!" እያለ ተጣራ። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ አለፈች።

ከከተማው ዳር አገልግሎት ያቆመ የባቡር መስመር አለ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያ ደረሱ። ቅርፊት ሐዲዱን ሲያይ ሳይልሰው ረጅም ሰዓት ቆመ፤ ከዚያ ደስ ሲለው፣ በራሱ ጊዜ፣ ትንሽ ቀመሰ። ልጅቷ ከጎኑ ተቀምጣ ከእንግዲህ አብሬህ እኖራለሁ አለችው።

"እምቢ" አላት።

የሰማችውን ማመን አቃታት። "ለምን?"

"ዝገት አይበላም ብለሽኛል። ታዲያ እዚህ ምን ልትበይ ነው?"

ተናደደች። ጠጠር አንስታ ጀርባው ላይ ወረወረች፤ ጠጠሩ ቅርፊቱ ላይ ኳ ብሎ ወደቀ። አለቀሰች። ከዚያ፣ ያስተማረችውን ቃል በሷው ላይ መልሶ እንደተጠቀመበት ገባትና እያለቀሰች ሳቀች። መሽቶባት እንዳትቀር ይሁን ብላ ስትነሳ በያጁ የመሣሪያ ሳጥናቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ሐዲድ ለሐዲድ ሲመጡ አየቻቸው። እሳቸውም ሥራውን ትተዋል። በብብታቸው ዳቦ ይዘዋል።

ከኔ ጋር ትሠሪያለሽ፣ ሚስቴም እሺ ትላለች አሏት። ዳቦውን ከመቀበሏ በፊት መደራደር ጀመረች። ልጄ ናት እንዳይሉ አለቻቸው። እሺ፣ ተማሪዬ ነሽ አሉ። ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት እሄዳለሁ አለች። እሺ አሉ። ዝገት አልፍቅም አለች። እዚህ ላይ ትንሽ አሰቡ፤ "እሱንስ አልፎ አልፎ ጓደኛሽን እንለምነዋለን" አሏት።

ባለግቢው ነገሩን እንዲሁ አልተወውም። ከሳምንታት በኋላ የሰፈር ሽማግሌዎች ይዞ በያጁ ቤት መጣና ያሳደግኳትን ልጅ አስኮብልሎብኛል ብሎ ከሰሰ። ሽማግሌዎቹ ልጅቷን ጠርተው ምን ትያለሽ አሏት። መዳፏን ዘርግታ አሳየቻቸው፤ ስንጥቁ ገና አልዳነም። አንደኛው ሽማግሌ የራሱን መዳፍ አየ። ልጅቷ አትመለስም ብለው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ። ትምህርት ቤትም ሌላ ጣጣ ነበር። ከአንደኛ ክፍል ልጆች ሁሉ በራስ ትበልጣለች፤ መምህሯ ከኋላ አስቀመጠቻት። በመጀመሪያው ሳምንት የሚወዛወዘውን ዴስክ ብሎኑን ልታጠብቅ ስትፈታው ተይዛ ውጭ ቆማ ዋለች። ደብተሯን ይዛ፣ ደረቷን ነፍታ ነው የቆመችው ይላሉ ያዩዋት።

ቅርፊትን ለብዙ ጊዜ እየሄደች ትጠይቀው ነበር። በየጊዜው በመስመሩ ላይ ትንሽ ራቅ ብሎ ታገኘዋለች፤ ከኋላው ያለው ሐዲድ አብረቅርቋል። በመጨረሻ በአንድ ቀን የእግር ጉዞ የማይደረስበት ቦታ ሄደ። የተሰናበቱት ጀርባው ላይ ተጋድማ ደመና እያየች ነው።

ዛሬ ምስማር የራሷ ብየዳ ቤት አላት። በያጁ አርጅተው ዓይናቸው ደክሟል፤ በር ላይ ወንበር አውጥተው እየተቀመጡ፣ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ የሷን ሥራ ያለ ምንም ይሉኝታ ያሞግሳሉ። ሠራተኞቿ ሁሉ ጎልማሶች ናቸው። ልጅ ይዞ ለሥራ የመጣ ሰው ካለ ልጁን ወደ ትምህርት ቤቱ ራሷ ነው የምትወስደው፤ ሰውዬውን ደግሞ በሩ ድረስ በነገር ትሸኘዋለች።

ባለፈው ዓመት ለአንድ አዲስ የሚሠራ ክሊኒክ የደረጃ መደገፊያ እንድትገጥም ቀጠሯት። ብረቱን በመኪና ጭና ስትደርስ የሕንፃው ፎርማን ከላይ እስከ ታች አያትና ባለቤቱ የታለ ብሎ ጠየቃት። ባለቤቱ እኔ ነኝ አለችው። ወንዱን ማለቴ ነው አላት። አልተከራከረችም፤ ገመዱን አጥብቃ ብረቱን መልሳ ማሰር ጀመረች። መኪናው ሊነሳ ሲል ፎርማኑ ሮጦ ደረሰ። ምረቃው ደርሷል፣ ሌላ ባለሙያ አላገኝም፣ ይቅርታ፣ አፌ ነው አለ።

ከመኪናው ወረደች። የረጅሙን ብረት አንድ ጫፍ ትከሻዋ ላይ አደረገችና ሌላውን ጫፍ በአገጯ አመለከተችው።

"ያዝ እንግዲህ" አለችው።

አንገቱን ቧጠጠ፣ ዙሪያውን አየ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ አነሳ። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው እስከ ላይኛው ፎቅ ወጡ። መሐል ላይ ትንሽ እንረፍ ብሎ ለመናት። አልሰማችውም።